ዱላ የሌለባት ክፍል

ያለምወርቅ ተሰማ መምህርት ሆና ወደ አቃቂ የተመለሰች ጊዜ ከቤተሰቡ ሁሉ ይልቅ የተደሰተው ወንድሟ በዛብህ ነበር። በዛብህ ያለው አንድ እግር ብቻ ነው። ልጅ ሳለ መምህሩ በጉማሬ አለንጋ እየገረፈ ስላስፈራራው፣ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ከቤት ይወጣና ከባቡር ጣቢያው ጓሮ፣ ከቆሙት የጭነት ፉርጎዎች ሥር ተደብቆ ይውል ነበር። አንድ ቀን እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ፉርጎውም ተንቀሳቀሰ። አባታቸው አቶ ተሰማ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩና ልጃቸውን ከሐዲዱ ላይ አንሥተው፣ ተሸክመው የሮጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ውስጥ ስለ ትምህርት ቤት ወሬ ሲነሣ አቶ ተሰማ ባርኔጣቸውን ደፍተው ይወጣሉ።

ሰው ሁሉ ያለምወርቅ አስተማሪ ለመሆን የቆረጠችው ያን ቀን ይመስለዋል። እሷ ግን "ኧረ እኔ ያን ቀን አልቅሼ አልቅሼ ተኛሁ እንጂ ያሰብኩት ነገር የለም" ትላለች። ሐሳቡ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በዛብህ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ የእሷን ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያነብ እያየች ነው ያደገችው። ማንም ሳይገርፈው፣ ማንም ሳያስገድደው ከእሷ ቀድሞ ይጨርሰው ነበር።

የተመደበችው ከጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን ጊዜው የሃምሳዎቹ ዓመታት ማብቂያ ነው። ተማሪዎቹ የባቡር ሠራተኛ ልጆች፣ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች፣ ከወንዙ ማዶ ካሉት የገበሬ መንደሮች በእግራቸው የሚመጡ ልጆች ነበሩ። ዳይሬክተሩ አቶ ቀናው ይባላል። ገና ወጣት ነው፤ ልብሱ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ። ሲቆጣ እንኳ አይጮኽም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆምና የዘገየውን ልጅ ሁሉ በቆረጣት የጎማ ቱቦ መዳፉን እየገረፈ ያስገባል። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ከግቢው ውስጥ አንድም ድምፅ አይሰማም። "ትምህርት ቤት ማለት እንዲህ ነው!" ይላል ወላጁ። እውነትም ወላጆች ይወዱት ነበር። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ሲመጡ "ይግረፉልን" ብለው ነው የሚያስረክቡት።

ያለምወርቅ ሥራ በጀመረችበት ቀን አቶ ቀናው አንድ ካርቶን ጠመኔ፣ አንድ ዳስተርና አንድ የወይራ ልምጭ ሰጣት።

"ሁለተኛ ክፍል ነው የያዝሽው፤ ሰባ ያህል ናቸው። ይቺን ካልያዝሽ ላንድ ቀንም አያስተምሩሽም" አላት።

እሷም ተቀበለችና ልምጩን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጠችው። ዘበኛው የግቢውን አበባ የሚበሉትን ፍየሎች ያባርርበት ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መከራ ነበሩ። ልጆቹ ዱላ እንደሌላት ሲያውቁ ክፍሉን ገበያ አደረጉት። እሷ ግን አልጮኸችም። እንዲያውም ሲጮኹ እሷ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ተረቷን በሹክሹክታ ትቀጥላለች። የፊተኞቹ ለመስማት ሲሉ የኋለኞቹን ዝም ያሰኛሉ። የሁሉንም ስም ከነአባታቸው አጠናች። ያጠፋውን ልጅ በሰው ፊት አታዋርደውም፤ በእረፍት ሰዓት ለብቻው ጠርታ "ምን ሆነህ ነው?" ትለዋለች። ደግ የሠራውን ግን በሰው ፊት ታመሰግነዋለች። በሳምንቱ መጨረሻ እርስ በርሱ የተረዳዳው ዴስክ የሚነበበውን ተረት ይመርጣል። ከዚህ ሌላ ምሥጢር አልነበራትም። ገና ሲሰማ ቀላል ይመስላል፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ለበዛብህ መልስ ለመስጠት እንኳ አቅም አይኖራትም ነበር።

ከእነዚያ ልጆች መካከል አደሴ የምትባል ነበረች። አባቷ አቶ ፈየራ በቂሊንጦ በኩል ያሉ ገበሬ ናቸው። አደሴ ጎሕ ሲቀድ ወተት ተሸክማ ወንዙን ትሻገርና ለባቡር ሠራተኞች ቤት ለቤት አዳርሳ ነው ትምህርት ቤት የምትመጣው። ታዲያ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ሁልጊዜም በር ላይ ትገረፋለች። ክፍል ስትገባ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ፣ አንገቷን ደፍታ ከመጨረሻው ዴስክ ትቀመጣለች። አማርኛዋ ኮልታፋ ስለሆነ አፏን በከፈተች ቁጥር ልጆቹ ይስቁባታል። ስለዚህም አፏን መክፈቱን ትታዋለች።

ያለምወርቅ አንድ ቀን አስቀረቻት።

"አደሴ፣ ክፍላችን ጠዋት ጠዋት ይታፈናል። መስኮቱን ሁሉም ሳይመጣ የሚከፍትልኝ ሰው ፈልጌ ነበር። አንቺ ትችያለሽ?"

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ መምህርቷ የዘረጋችላትን የክፍሉን ቁልፍ አየች።

"እችላለሁ" አለች። ከብዙ ሳምንታት ወዲህ በክፍል ውስጥ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ሳይሆን አይቀርም።

ከማግሥቱ ጀምሮ አደሴ ከሰንደቅ ዓላማው በፊት የምትደርስ ልጅ ሆነች። እንዴት እንዳደረገችው እሷ ናት የምታውቀው፤ ወተቱን ከወትሮው አስቀድማ ሳታደርስ አልቀረችም። መስኮቶቹን ትከፍታለች፣ ሰሌዳውን ትወለውላለች፣ በር ላይ ቆማ የሚገቡትን ትቀበላለች። ያለምወርቅ ደግሞ በሒሳብ ሰዓት አስነሥታ "እስቲ በእናንተ ቤት እንዴት ነው የሚቆጠረው? አስተምሪን" አለቻት። አደሴ በኦሮምኛ "ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ" ስትል ሰባው ልጅ ተከተላት። ሲሳሳቱ አደሴ ሳቀች። እነሱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በአማርኛዋ የሳቀባት የለም።

ሳቁ ግን ቢሮ ድረስ ተሰማ። አቶ ቀናው አስጠራት።

"ወይዘሪት ያለምወርቅ፣ ክፍልሽ መጠጥ ቤት መስሏል።"

"የሚስቁት እየተማሩ ነው፣ ጌታዬ።"

"በምን ቋንቋ ነው የሚማሩት? ነገሩ ወደ ላይ ቢደርስ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ታውቂያለሽ?"

"ቁጥር ነው የቆጠሩት። ውጤታቸውን ይዩት፤ ካምናው ይሻላል።"

"ውጤት ሌላ፣ ሥነ ሥርዓት ሌላ" አለ፣ ያው በለስላሳ ድምፁ። "ከርሞ ሦስተኛ ክፍል ሲገቡ ማን ይገዛቸዋል? አንቺ አሞላቀሽ ትለቂያለሽ፣ ሌላው እየገረፈ ያቃናል። ማን ነው ታዲያ ልጆቹን የጎዳው?"

ያለምወርቅ ወደ በሩ ዞረች። በዛብህ ፊቷ ላይ ድቅን ስላለባት ነው፤ አፏን ብትከፍት እንደምታለቅስ አወቀች፤ በእሱ ፊት ማልቀስ ደግሞ አልፈለገችም።

ሰኔ ገባ። አንድ ሌሊት ከላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞላው። ጠዋት የሁለተኛ ክፍል ልጆች የተቆለፈው በራቸው ላይ ተኮልኩለው አደሴን ይጠብቃሉ። ሰልፉ አበቃ፤ አደሴ የለችም። በኋላ ላይ፣ ልብሷ እስከ ደረቷ ርሶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ቁልፉን በእጇ ጨብጣ እየሮጠች መጣች። አቶ ቀናው በሩ ላይ ቆሟል። ያለምወርቅ ከበረንዳው ሆና ታያለች። የአራተኛ ክፍሉ መምህር ገብረጻድቅም አጠገቧ ነበር።

"የት ነበርሽ?" አላት ዳይሬክተሩ።

ልጅቱ ከመደንገጧ የተነሣ አማርኛው ጠፋት።

"ለግኒ ጉቴ" አለች። ወንዙ ሞላ ማለቷ ነው።

አቶ ቀናው ቱቦውን አላነሣም። በእጁ ነው ጆሮ ግንዷን ያጮላት። አንድ ጊዜ ብቻ። አደሴ ተሽከርክራ ከበሩ ብረት ጋር ተጋጨችና ወደቀች። ስትነሣ ከጆሮዋ የወጣ ደም በአንገቷ ቁልቁል ወረደ። አላለቀሰችም። ቁልፉን ለያለምወርቅ ዘረጋችላት።

ያለምወርቅ ልጅቱን ታቅፋ ወደ ክሊኒክ ሄደች። ድሬሰሩ በባትሪ ጆሮዋን አየና "ታምቡሩ ተቀዷል" አለ። ሌላኛው ጆሮዋም ከድሮም ደከም ያለ እንደነበረ ያን ቀን ታወቀ፤ በክፍል ውስጥ ዝም የምትለውም ግማሹን ባለመስማቷ ኖሯል። ያለምወርቅ ይህን ስትሰማ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ዓመቱን ሙሉ ከመጨረሻው ዴስክ አስቀምጣታለችና።

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄዳ አመለከተች። ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ይላካል ተባለ። እሷም ምስክር አላት፤ በገብረጻድቅ ዓይን ሥር ነው የሆነው።

"ገብረጻድቅ፣ ያየነውን እንናገራለን፤ አይደል?" አለችው፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ።

ገብረጻድቅ ጠመኔ የነካውን እጁን እየጠረገ ቆየ።

"ያለምወርቅ፣ እኔ ያን ጊዜ ወደ ሰንደቁ ዞሬ ነበር።"

"ከእኔ ጋር እያወራህ?"

"አምስት ልጅ ነው ያለኝ" አላት። "አንቺ የለሽም። ሲኖርሽ ትረጂኛለሽ።"

ከዚያ በኋላ እሷ ስትገባ ማረፊያው ዝም ይል ጀመር። አሰለፈች የምትባል የአንደኛ ክፍል መምህርት ብቻ ናት እንደ ድሮው ሰላም የምትላት፤ እሷም ማንም ሳያያት ነው።

አቶ ቀናው ሥራውን ያውቃል። ከእድሩ ሰዎች ጋር፣ ቄስ አስከትሎ አቶ ፈየራ ቤት ገባ። ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለ ሰው፣ ባለ ክራቫት፣ የመንግሥት ሹም፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ "ልጅዎ ልጄ ናት፤ ለቅጣት የሰነዘርኩት እጅ ሳተኝ" ሲላቸው አቶ ፈየራ ምን ያድርጉ? አነሡት።

ያለምወርቅ ይህን ሰምታ እየበረረች ሄደች። አቶ ፈየራ ከደጃፋቸው የእርሻ ዕቃ ሲጠግኑ አገኘቻቸው።

"አባባ ፈየራ፣ ልጅዎ እኮ ጆሮዋ ጠፋ! እንዴት ታረቁ?"

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አሉ። ቀና አላሉም። "እኔንም አባቴ ገርፎኛል። ልጅ ይቀጣል።"

"ይኼ ቅጣት ነው እንዴ? ዳኛ ፊት ቢቆሙ ይረታሉ። እኔ እመሰክራለሁ።"

አቶ ፈየራ ሥራቸውን አቆሙ። በእጃቸው በፋብሪካው አጥር በኩል አመለከቱ።

"ያ እርሻችን ነበር። ወንድሞቼና እኔ ዳኛ ፊት ቆመናል። ምስክርም ነበረን፣ እንዳንቺ ያለ፣ ደግ ሰው። አሁን ወንድሞቼ እዚያው ግቢ ዘበኞች ናቸው።" ወደ ሥራቸው ተመልሰው ጨመሩ፤ "አንቺ ነገ በባቡር ትሄጃለሽ። እኔ እዚህ ነኝ። ከዚህ ሰው ጋር አንድ መንገድ ነው የምንሄደው። ተይን፣ ልጄ።"

ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች በዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ተቀመጡ። ያለምወርቅ ያየችውን ተናገረች። ገብረጻድቅ ወደ ሰንደቁ ዞሮ እንደነበር ተናገረ። በመጨረሻ አደሴን አስገቧት። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ አለ።

"ጆሮሽን ምን ሆንሽ?" ሲሉ ጠየቋት።

ልጅቱ አልሰማችም። ያለምወርቅ ተነሥታ በተሻለው ጆሮዋ በኩል ጎንበስ አለችና ጥያቄውን ደገመችላት።

አደሴ ወለሉን እያየች "ወደቅሁ" አለች።

"ማን ጣለሽ?"

"ጭቃው።"

አማርኛዋ ጥርት ያለ ነበር፤ ኮልታፋነቱ ለዚያች ቃል ጠፍቷል። ያለምወርቅ ራሷ ያስተማረቻት አነጋገር መሆኑን አወቀች። ልጅቱ ስትወጣ በአጠገቧ አለፈች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻትም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልዘገየም። ያለምወርቅ በባልደረባ ላይ ሐሰት በመናገርና የተማሪን ሥነ ሥርዓት በማላላት ተወቀሰች፤ በባቡሩ መስመር ከሞጆ ወዲያ ወዳለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ተዛወረች። የሄደች ዕለት ጣቢያ የሸኟት በዛብህና አቶ ተሰማ ናቸው። አቶ ተሰማ ሻንጣዋን ወደ ፉርጎው አወጡላትና "እኔ ያኔ ለልጄ አልተናገርኩም። አንቺ ለሰው ልጅ ተናገርሽ" አሏት። አቶ ተሰማ ስለዚያ ነገር ሲናገሩ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው። እሷ አቃቂ ሳትመለስ ሞቱ።

አደሴ ግን ከሰኔው ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። "ካልሰማች ምን ትማራለች?" አሉ አባቷ።

ያለምወርቅ በዚያች ጣቢያ ብዙ ዓመት አስተማረች። ለጋብቻ ጠይቋት የነበረ አንድ ሰው ነበር፤ የፋብሪካ መካኒክ፣ ወልደሚካኤል የሚባል። ጥቂት ጊዜ በባቡር እየመጣ ጠየቃት፤ በኋላ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቀረ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ። ወደ አቃቂ እንድትመለስ በተፈቀደላት ጊዜ ፀጉሯ ሽበት ጀምሯል። አቶ ቀናው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኗል። ስትመለስ የመመደቢያ ደብዳቤዋን የፈረመላት እሱ ነው። "እንኳን ደኅና መጣሽ" አላት፣ በዚያው ድምፁ። ወንበርም ሰጣት። ጥላቻ ቢያሳያት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ነገሩን ጨርሶ ረስቶታል።

ወደዚያው ትምህርት ቤት ገባች፤ ሁለተኛ ክፍል ያዘች፤ አሁንም ዱላ አልያዘችም። በመስከረም አንዲት የፋብሪካ ቱታ የለበሰች ሴት ልጇን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"መምህርት፣ አላወቁኝም?"

ያለምወርቅ፣ ሴትዮዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምታዳምጥበትን ሁኔታ ስታይ አወቀቻት።

"አደሴ!"

ተቃቀፉ። ሁለቱም አለቀሱ። አደሴ በፋብሪካው ፈትል ክፍል ትሠራለች፤ "የማሽኑ ጩኸት ሌላውን ሰው ያሳብደዋል፤ እኔን ምንም አይለኝ" ብላ ሳቀች። ልጇ ብዙወርቅ ትባላለች።

"እንዳንቺ ጎበዝ ናት?" አለች ያለምወርቅ፣ ልጅቱን እየዳበሰች።

"አደራዎን፣ እንደ እኔ እንዳትቀርብኝ። አይሳሱላት። ካጠፋች ይግረፉልኝ።"

ያለምወርቅ የምትሰማውን ማመን አቃታት።

"አደሴ፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ?"

አደሴ ሳቋ ጠፋ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ለብዙ ዘመን ስታስበው የኖረችውን ነገር እንደሚናገር ሰው፣ ቀስ ብላ ነው።

"መምህርት፣ እርስዎን እወድዎታለሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎት? ያን ጊዜ ሁሉም ልጅ ይመታ ነበር። ይመታና ነገ ተመልሶ ይማራል። እነዚያ ዛሬ ነርስ ናቸው፣ ጸሐፊ ናቸው። ነገሩ ወደ ሸንጎ ባይሄድ፣ ሽማግሌ ባይመጣብን፣ አባቴ አይፈራም ነበር። ባይፈራ አያስቀረኝም ነበር። በአንድ ጆሮ እማር ነበር እኮ።"

ያለምወርቅ ቆመች። ያን ጊዜ ለኮሚቴው የተናገረችውን ሁሉ፣ ለአቶ ፈየራ የተናገረችውን ሁሉ፣ በነዚያ የስደት ዓመታት ማታ ማታ ለራሷ የደገመችውን ሁሉ ፈለገችው፤ ለዚህች ሴት የሚሆን አንድ ቃል አላገኘችም። ምናልባት ልክ ናት። ልክ ባትሆንስ፣ ማን ነው ለአደሴ ልክ አይደለሽም የሚላት?

"ልጅሽን አስተምርልሻለሁ" አለቻት በመጨረሻ። "አልመታትም ግን።"

ያለምወርቅ በተሻለው ጆሮዋ በኩል ስለነበረች አደሴ ሰማች። ልጇን ወደ ክፍሉ ገፋ አድርጋ ሄደች።

ብዙወርቅ ደስ የምትል ልጅ ነበረች። ተረት ትወዳለች፤ ስትስቅ ዴስኩን ትደበድባለች። በኅዳር ግን ወንበሯ ባዶ ሆነ። ያለምወርቅ ታማ ይሆን ብላ ስትጠይቅ፣ እናቷ ወደ ሌላኛው ሁለተኛ ክፍል እንዳዛወረቻት ነገሯት። "በዚያኛው ልጅ ይቀጣል፤ በዚህኛው ይሳቃል" ብላለች አሉ። ሌላው ወላጅም ያንኑ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ዱላ የሌለባት ክፍል ብለው በሹፈት ስም አውጥተውላታል።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ብዙወርቅን ከውሃ ቧንቧው አጠገብ አገኘቻት። ልጅቱ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ቆማለች።

"እጅሽን ምን ሆንሽ፣ የኔ ቆንጆ?"

"ምንም።"

"እስቲ አሳዪኝ።"

"እማዬ መምህርት ያለምወርቅን አታናግሪ ብላኛለች" አለች ልጅቱ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

ያለምወርቅ መሐረቧን በቀዝቃዛው ውሃ ነክራ፣ ጨምቃ ዘረጋችላት። ብዙወርቅ አልተቀበለችም። ደወሉ ተደወለ፤ ልጅቱም እንዳይረፍድባት ብላ ሮጠች።